ሱዳን ናት ወይስ አልጄሪያ? የአፍሪካ አገሮች የቆዳ ስፋትና የገሱባ ጥማድ



ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆነን በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አሮጌ የአፍሪካ ካርታ ነው። ቤቱ የሚገኘው በገሱባ ነው። ገሱባን ለማታውቁ አንባቢዎቻችን፣ በወላይታ ዞን የኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነችው ከወላይታ ሶዶ በስተደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። በዞኑ የምንኖር ሙስሊሞች ቁጥራችን ጥቂት ነውና፣ ለዚያራ የሄደ እንግዳ ሳያድር አይለቀቅም። እኛም አደርን።

ከዐስር ሶላት በኋላ ቡና እየተፈላ ሳለ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቤቱ ልጅ ፊቱን አጨማዶ ገባ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልሰጠንም። እናቱ "ምን ሆንክ ልጄ?" ብትለው ቦርሳውን አስቀምጦ በጣቱ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ነገሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤት በተደረገ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ "በአፍሪካ አህጉር በቆዳ ስፋት አንደኛ የሆነችው አገር ማን ናት?" ተብሎ ይጠየቃል። ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እያየው ካደገው ካርታ ግርጌ ያለውን ሠንጠረዥ አስታውሶ "ሱዳን" ሲል ይመልሳል። "አልተመለሰም፣ አልጄሪያ ናት" ተባለ። ክፍሉም በአንድ ነጥብ ተሸነፈ።

"አባባ፣ ያስሸነፈኝ ያንተ ካርታ ነው" አለ።

አባት ቅር አላቸው። ካርታውን በ1977 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መርካቶ ገዝተው፣ ጠቅልለው በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በአውቶቡስ ያመጡት ነው። በንግዱም በእርሻውም ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ትምህርታቸውን ባይገፉበትም ለእውቀት ያላቸው ፍቅር የሚታየው በዚያ ካርታ ነው። "እኔም የተማርኩት ሱዳን ናት ተብዬ ነው" አሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታላቅ እህቱ "አባባ፣ ያ እኮ ድሮ ነው" ከማለቷ፣

"ድሮ ማለት ምን ማለት ነው? መሬት እንደ ልብስ ሲታጠብ ያጥራል?" አሉና ወደ እኛ ዞሩ። "እስቲ እናንተ ፍረዱን።"

በዚያች ምሽት የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር። እነሆ ፍርዱን በስፋት ይዘን ቀርበናል። ምናልባት በሌላም ቤት እንዲህ ያለ ካርታና እንዲህ ያለ ክርክር አይጠፋም።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል

አባትም ካርታውም አልዋሹም፣ ውድድሩን የዳኙትም አልተሳሳቱም። ሱዳን 2,505,813 ካሬ ኪሎ ሜትር የቆዳ ስፋት ይዛ ለአሥርተ ዓመታት የአፍሪካ ሰፊዋ አገር ነበረች። ነገር ግን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ራሷን የቻለች አገር ስትሆን 644,329 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉን ይዛ ሄደች። ለሱዳን የቀራት 1,861,484 ነው። በዚያች አንድ ቀን ሱዳን ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ወረደች፤ 2,381,741 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላት አልጄሪያ ደግሞ አንዲት ስንዝር ሳትጨምር አንደኛ ሆነች። እንግዲህ መሬቱ አላጠረም፣ ያጠረው ስሙ ነው።

ይህን ስንነግራቸው አባት ዝም ብለው ቆዩና "እንዲያማ ከሆነ የኛስ?" አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚያ ካርታ ላይ ኢትዮጵያ እስከ ቀይ ባሕር ተዘርግታ ትታያለች፤ በሠንጠረዡ ላይ ከስሟ አጠገብ የሚነበበውም 1,221,900 የሚል ነው። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ነፃነቷን ስትመርጥ 117,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ተቀነሰ። ቀንሱት፣ ልጁም እዚያው በደብተሩ ጀርባ ቀንሶታል። ዛሬ በብዙ መጻሕፍት የሚገኘው 1,104,300 ይመጣል። በሌሎች መጻሕፍት 1,127,127 የሚል ቁጥር የሚያጋጥማችሁም አላችሁ፤ ቁጥሩ ቢለያይም ተራችን አይለወጥም፣ በአህጉሩ አሥረኛ ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት እንወዳለን። የአፍሪካ ድንበሮች አብዛኛዎቹ የተሰመሩት ከ1884 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ከተደረገው የበርሊን ጉባዔ ወዲህ፣ አገሩን ረግጠው በማያውቁ ሰዎች እጅ ነው። ያም ሆኖ በ1963 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ በሚቀጥለው ዓመት በካይሮ ባደረገው ስብሰባ አባላቱ በነፃነታቸው ቀን የተረከቡትን ድንበር እንዲያከብሩ ወሰነ። አንዱን ድንበር መንካት ሁሉንም ይጎትታል የሚል ፍራቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ አገር ሆነው በተባበሩት መንግሥታት ከገቡት መካከል ከሌላ አፍሪካዊ አገር ተከፍለው የወጡት ኤርትራና ደቡብ ሱዳን ናቸው። ሁለቱም የኛ ጎረቤቶች ናቸው። የሌላ ቤት ካርታ ሳይነካ የኖረውን ያህል የኛው አካባቢ ካርታ ሁለት ጊዜ ታትሞ ሁለት ጊዜ አርጅቷል።

ሰፋፊዎቹና ጠባቦቹ

አፍሪካ በጠቅላላው 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ትሰፋለች። ከአልጄሪያ ቀጥላ ያለችው የኮንጎ ዲሞክራሲያዊት ሪፐብሊክ 2,344,858 ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 37,000 እንኳ አይሞላም። ሦስተኛዋ ሱዳን ስትሆን፣ ከእርሷ በታች ሊቢያ 1,759,540፣ ቻድ 1,284,000፣ ኒጀር 1,267,000፣ አንጎላ 1,246,700፣ ማሊ 1,240,192፣ ደቡብ አፍሪካ ከ1,219,000 በላይ እያሉ ወደ እኛ ይወርዳሉ።

ከነዚህ ከአሥሩ አገሮች በስድስቱ፣ ማለትም በአልጄሪያ፣ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው። አንዳንድ ወጣት ወንድሞቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እኛም አልከፋንም። ግን ካርታውን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ስድስቱም ሰሃራን የሚካፈሉ ናቸው። ሊቢያ ከመቶ ዘጠና እጅ በላይ በረሃ ናት። ስፋታቸው በአብዛኛው የአሸዋ ስፋት ነውና በዚህ መኩራት ብዙም አያዛልቅም።

ወደ ሠንጠረዡ ግርጌ እንውረድ። ልጁን ያስገረመው ይኸኛው ክፍል ነበር። የሲሼልስ የቆዳ ስፋት 455፣ የሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ 964፣ የኮሞሮስ 1,862፣ የሞሪሺየስ 2,040፣ የኬፕ ቨርዴ 4,033 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የወላይታ ዞን ደግሞ ከ4,200 ይበልጣል። እንግዲህ ልጁ የተወለደበት አንድ ዞን ብቻውን፣ በአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ባንዲራቸው ከሚሰቀልላቸው አገሮች አምስቱን ይበልጣል ማለት ነው። "ታዲያ ይህን ለምን አልጠየቁኝም!" አለ፤ ሳቅን።

አንድ አገር፣ ሁለት ቁጥር

ከመጽሐፍ መጽሐፍ ቁጥሩ የሚለያየው ለምንድን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። የመጀመሪያው ምክንያት ውሃ ነው። አንዳንዱ ሐይቁንም አብሮ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ የብሱን ብቻ። ዑጋንዳ 241,038 ካሬ ኪሎ ሜትር ናት ይባላል፤ ከዚህ ውስጥ ግን ከ40,000 በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ማላዊም ከ118,484 ውስጥ አምስተኛው እጅ ሐይቅ ነው። ገበሬ በሐይቅ ላይ በቆሎ አይዘራም፣ እርግጥ ዓሣ ያሰግራል።

ሁለተኛው ምክንያት ክርክር ነው። ሞሮኮን 446,550 የሚል መጽሐፍ አለ፣ 710,000 የሚልም አለ። ልዩነቱ ምዕራብ ሰሃራ ነው፣ የማን ነው የሚለው ጉዳይ ለአሥርተ ዓመታት ሲያወዛግብ የኖረ። ኮሞሮስም እንደዚሁ ናት። ሙስሊም ወንድሞቻችን የሚኖሩባቸው እነዚህ ደሴቶች በ1975 እ.ኤ.አ. ነፃ ሲወጡ አራተኛዋ ደሴት ማዮት ከፈረንሳይ ጋር ቀረች። ማዮትን የሚቆጥር 2,235 ይጽፋል፣ የማይቆጥር 1,862 ይጽፋል። አንድ ቁጥር ስታነቡ አንድ ፍርድ እያነበባችሁ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ካርታውም ራሱ ይለጥጣል

በቋንቋችን የአገርን መጠን "የቆዳ ስፋት" እንላለን። ይህ አባባል ለካርታ ነገር በጣም ይመቻል። አንድ ብርቱካን ልጣጩን ሳትቆርጡ ልጡና ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ እየጎተታችሁ ትለጥጡታላችሁ። ክብ ምድርን በወረቀት ላይ የሚያሳርፍ ሰው ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል።

በ1569 እ.ኤ.አ. ጌራርዱስ መርካቶር የተባለው ካርታ ሠሪ መለጠጡን መረጠ። የሠራው ለመርከበኞች ነበር፤ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ መርከበኛ ኮምፓሱን ሳይለዋውጥ ካሰበው ይደርሳል። ለባሕር ጉዞ ድንቅ ሥራ ነው። ጥፋቱ የመጣው ካርታው ከመርከብ ወርዶ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር አገሮች እየተለጠጡ ስለሚሄዱ፣ በሰሜን ጫፍ ያለችው ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል ሆና ትታያለች። እውነቱ ግን ግሪንላንድ 2,166,086 ካሬ ኪሎ ሜትር ስትሆን አፍሪካ አሥራ አራት እጥፍ ትበልጣታለች። አልጄሪያ ብቻዋን ትበልጣታለች! በምድር ወገብ አጠገብ ያለነው እኛ ካርታው ሳይለጥጠን ስለቀረ ጠበን እንታያለን። የአፍሪካ ኅብረት በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ይህ ካርታ በትምህርት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች በሌላ እንዲተካ የሚጠይቀውን ዘመቻ ደግፏል። ዘግይቷል እንጂ መልካም ነው።

የገሱባው አባት ካርታም እንደዚያው የተለጠጠ ይሁን አይሁን አልመረመርንም፤ የአፍሪካ ብቻ ካርታ ስለሆነ ጥፋቱ እምብዛም አይጎላም።

ለነገሩ ምድርን መለካት ለኛ እንግዳ ሙያ አልነበረም። ኸሊፋ አል-መእሙን ከ813 እስከ 833 እ.ኤ.አ. በነገሡበት ዘመን የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ወደ ሲንጃር ሜዳ ላኩ። ሊቃውንቱ ከሁለት ተከፍለው ከአንድ ስፍራ ተነሡ። አንዱ ወገን ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ፣ የሰማዩ ዋልታ ከፍታ በአንድ ዲግሪ እስኪለወጥ ድረስ በገመድ እየለኩ ሄዱ። ከዚያች አንድ ዲግሪ የምድርን ዙሪያ አሰሉ። በገመድ! በሴብታ የተወለደው አል-ኢድሪሲም በ1154 እ.ኤ.አ. በሲሲሊ ለንጉሥ ሮጀር የዓለምን ካርታ ሠርቶ ሲያስረክብ ደቡብን ከላይ፣ ሰሜንን ከታች አድርጎ ነው። በእርሱ ካርታ አፍሪካ ከላይ ተቀምጣለች። ላይና ታች የሠሪው ምርጫ እንጂ የምድር ጠባይ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለአንድ ሰው ስንት ጥማድ?

በማግስቱ ጠዋት አባት "አብራችሁኝ ወደ እርሻው ውጡ" አሉን። ለካ የዚያራችን ቀን ከሌላ ቀጠሮ ጋር ተገጣጥሟል። ወላጆቻቸው ወደ አኺራ ከሄዱ ወዲህ ሳይከፋፈል የቆየ መሬት ነበር፤ ሁለት ተኩል ጥማድ ይሆናል። ወራሾቹ እርሳቸው፣ ወንድማቸውና አንዲት እህታቸው ናቸው። እንደ ሸሪዓው ድርሻ ለወንዶቹ አንዳንድ ጥማድ፣ ለእህታቸው ግማሽ ጥማድ ይደርሳል። ነገሩ ከወረቀት ላይ ቀላል ነው። በእርሻው ላይ ግን ወንድምየው ላለፉት ሁለት ዓመታት በወሰኑ ላይ ባለችው አንዲት የብሳና ዛፍ ምክንያት ወደዚህ ቤት እግሩን አላነሣም ነበር። ያን ጠዋት መጣ። ሽማግሌዎችም መጡ። ገመድ ተይዟል። ለልጁም አንዱን ጫፍ አስያዙት።

አንድ ጥማድ የሄክታር ሩብ ነው፤ ሃምሳ ሜትር በሃምሳ ሜትር ማለት ነው። ልጁ ገመዱን ይዞ ሲቆም፣ "አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ጥማድ ነው?" ብሎ ጠየቀን። መቶ ሄክታር ነው፣ ስለዚህ አራት መቶ ጥማድ። ይህን ከሰማ በኋላ ወደ ቤት እስክንመለስ ድረስ ከአፉ የወጣው ቁጥር ብቻ ነበር። ሱቁ በር ላይ፣ በቆርቆሮው ላይ፣ በጠመኔ ያሰላውን ነው ከዚህ በታች የምናቀርበው፤ ማባዛቱና ማካፈሉ የርሱ ነው፣ የቆጠራ ቁጥሮቹን ያቀበልነው እኛ ነን።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 ነበር። መሬቱን በሙሉ፣ ተራራውንም ገደሉንም ከተማውንም ሳይቀር ለሕዝቡ እኩል ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥማድ ከጥቂት ይደርሰዋል። በዚያው ቆጠራ መላዋ ኢትዮጵያ 73.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ተካፍሎ ለአንድ ሰው ስድስት ጥማድ ይሆናል። ስለዚህ "አገራችን ሰፊ ናት" የሚለው ንግግር በገሱባ ሲነገር ስድስተኛ እጁ ብቻ ነው የሚሰማው። የወላይታ ልጅ ከወንጂ የሸንኮራ እርሻ ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ ጎዳና ድረስ ለሥራ የሚሰደደው ስንፍና ወይም መንከራተት ስለሚወድ እንደሆነ የሚያስቡ ሰዎች ገጥመውናል። እስቲ ከዚህ ማካፈል ይጀምሩ።

ናሚቢያ 824,292 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 3,022,401 ሰው ይኖርባታል፤ ለአንድ ሰው መቶ ዘጠኝ ጥማድ! ልጁ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አካፈለው። በአንጻሩ ሩዋንዳ 26,338 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆና በ2022 እ.ኤ.አ. 13,246,394 ሕዝብ ተቆጥሮባታል፤ አንድ ጥማድ አይሞላም። ግብፅ ደግሞ ለብቻዋ ታሪክ ናት። ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ትበልጣለች፣ ሕዝቧም በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. መቶ ሚሊዮን ደርሷል። ለአንድ ሰው አራት ጥማድ ነው። ግን ሕዝቡ የሰፈረው ከመቶ አምስት እጅ በማይበልጠው በዓባይ ዳርና በዴልታው ነውና፣ አራቱ ጥማድ በተግባር አንድ አምስተኛ ጥማድ ነው።

ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው አንደኛው "እኛ በአንድ ጥማድ እስካሁን የኖርነው በእንሰት ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። እንሰት በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ሰው የሚያበላ፣ ዝናብ ሲያጥር የሚታገስ ተክል ነው። ከሥሩ ጎደሬ፣ ከዳሩ ስኳር ድንችና ቦሎቄ ይታከልበታል። ወላይታን የሚያህል ሕዝብ በዚያ መሬት ላይ ሊሰፍር የቻለው በዚህ ጥበብ ነው። ነገር ግን ጥማዱ በየትውልዱ ሲከፈል እንሰቱም መቆሚያ ያጣል። የኚህ አባወራ ልጆች አራት ናቸው፤ አንዱን ጥማድ ለአራት ማካፈሉን ልጁ በጠመኔ ሊጽፍ ጀምሮ ተወው።

ታዲያ ጠባብ መሬት ሁልጊዜ ድህነት ነው? አይደለም፤ ለዚህ ሞሪሺየስን እንጠራለን። ከወላይታ ግማሽ በታች የሆነችው ይህች ደሴት 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባታል፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው የጥማድ ሁለት ሦስተኛ ነው። ነፃ ከመውጣቷ በፊት በ1961 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሚድ የተባለው እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ኋላም የኖቤል ተሸላሚ የሆነው፣ የደሴቲቱን የሕዝብ ብዛት አይቶ መጪው ዘመኗ ጨለማ እንደሆነ ጽፎ ነበር። ተሳሳተ። ከሸንኮራ አገዳ ተነሥታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከዚያም ቱሪዝምና የገንዘብ አገልግሎት ጨምራ ከአፍሪካ ሀብታም አገሮች አንዷ ሆነች። መሬቱ አልሰፋም፤ በመሬቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ግን ዓይነቱ በዛ። ታላቂቱ እህት ይህን ስንናገር ደብተሯን አወጣች፤ የፈተናዋ ወር ደርሶ ነበር።

መለካቱ እኩለ ቀን ሳይሆን ተጠናቀቀ። የብሳናው ዛፍ ከእህትየው ድርሻ ውስጥ ገባና ሁለቱም ወንድማማቾች ዝም አሉ፤ አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። ወንድምየው ለምሳ ቤት ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ምሳ ላይ ልጁ ነገሩን አልለቀቀም። የተሸነፈባትን አልጄሪያን አስልቶ አምጥቷል። "በ2008 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 34 ሚሊዮን ሰው ነበራት አላችሁኝ። ለአንድ ሰው ሃያ ስምንት ጥማድ ይደርሳል! አባባ፣ ሃያ ስምንት!"

አባት እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። "ከሃያ ስምንቱ ስንቱ ይታረሳል?" አሉ።

ልጁ ወደ እኛ ዞረ። በአልጄሪያ የሚታረሰውና ቋሚ ተክል የሚተከልበት መሬት 8.5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሆነ ነገርነው። ጠመኔውን ይዞ ወጣ። ከሱቁ በር ላይ ሲፍቅና ሲጽፍ ድምፁ ይሰማን ነበር። ሲመለስ ትንሽ አፍሮ ነበር።

"አንድ ጥማድ" አለ።